ጌጧን የጣለች እመቤት
በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ሐርና ወርቅ የአንዲት ወይዘሮ የግል ምርጫ ብቻ ሳይሆኑ የቤተሰቧንና የባሏን ማዕርግ በአደባባይ የሚመሰክሩ ምልክቶች ስለነበሩ፣ ጌጥን መናቅ ከግል ጠባይ ያለፈ ትርጉም ነበረው። የዐፄ ሱስንዮስ ሹም የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉ ጊዜ ባሏን ትታ መነኮሰች፤ ጸጉሯንም ተላጭታ ቆብ፣ ማለትም የምንኵስና ምልክት የሆነውን የራስ መሸፈኛ፣ ደፋች። በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈው ገድሏ፣ ይኸውም የቅድስና ሕይወቷን የሚተርከው መጽሐፍ፣ ጌጥ መተዋን ከተጋድሎዋ ይቆጥረዋል፤ ሆኖም ነገሩ (ገድል ጸሐፊዎች ወደ ትሕትናው ቢያደሉም) ትሕትና ብቻ አልነበረም፤ የሹም ሚስት ልብስ የባሏን ሹመት የሚያሳይ እስከሆነ ድረስ፣ እርሱን ማውለቅ ባሏ ያገለገለውን የቤተ መንግሥት ሃይማኖት መካድም ነበር። በኋላም በጣና ሐይቅ ዙሪያ የመነኮሳትና የመነኮሳይት ማኅበራትን መራች።