የቦኖው ወረፋ፤ ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ኑሮ

«ሰፈር» የሚለው ቃል ጥንት የከተማ ቃል አልነበረም፤ ዘማች ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ነበር ሰፈር የሚባለው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ስትቆረቆር መኳንንቱ በየኮረብታው ላይ ቦታ እየተመሩ፣ ጭፍሮቻቸውና አሽከሮቻቸው በዙሪያቸው እየሰፈሩ ስለ ነበር ቃሉም ከድንኳኑ ጋር ወደ ከተማው ገብቶ ቀረ። ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር እየተባለ የሚጠራው ሁሉ የዚያን ዘመን አሰፋፈር የሚያስታውስ ነው። በጦር ሰፈር ውስጥ ውሃውንም ማገዶውንም ሰፋሪው ራሱ ፈልጎ ያመጣል እንጂ የሚያቀርብለት የለም። ይህ ልማድ ከተማዋ ካደገች በኋላም፣ በተለይ በዳርቻዎቿ፣ አልጠፋም። ሰው አስቀድሞ ይሰፍራል፤ ውሃው፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ከዓመታት በኋላ ይከተሉታል። በመካከል ያለውን ዘመን ነዋሪው በምን ዘዴ ተሻገረው የሚለው ጥያቄ የዳርቻ ሰፈሮች ታሪክ ዋነኛ ክፍል ነው።

የቧንቧ ውሃ ወደ አዲስ አበባ የገባው በቤተ መንግሥቱ በኩል ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ በቧንቧ አውርዶ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አስገባ። የቀረው ነዋሪ ከምንጭ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ መቅዳቱን ቀጠለ። በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የለገዳዲ ግድብ ሲሠሩ የከተማው ውሃ በረከተ፤ ነገር ግን እስከ ቤት ድረስ የሚዘልቀው ቧንቧ አቅም ላለው ብቻ ነበር። ለዳርቻው የደረሰው ድርሻ ቦኖ ነው።

ቦኖ ማለት በአንድ የሲሚንቶ ግንብ ላይ የተተከሉ ጥቂት ቧንቧዎች፣ ከአጠገባቸውም ገንዘብ ተቀባዩ የሚቀመጥባት የቆርቆሮ መጠለያ ማለት ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ እንስራው፣ የጋዝ ቆርቆሮው፣ ኋላም ጀሪካኑ በተርታ ይደረደራል። ባለቤቲቱ እሳት ለማንደድ ወይም ልጅ ለማጥባት ወደ ቤቷ ብትመለስ ዕቃዋ በስሟ ቆሞ ይጠብቃል። የዕቃውን ተራ መንካት ከባለቤቲቱ ጋር መጣላት ብቻ ሳይሆን ከሰልፈኛው ሁሉ ጋር መጣላት ነበር። ለአራስ ወይም ለሐዘንተኛ ቤት የሚቀዳ ሲሆን ግን ወረፋው ያለ ክርክር ይከፈትለታል። ማን እንደ ወለደች፣ የማን ልጅ ከፍል እንደ ተዛወረ፣ ማን ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ቤት እንደሚከራይ የሚሰማው በዚያ ነበር። እንግዳ ሆና የመጣች ሴት የሰፈሩ ሰው መሆኗ የሚታወቀው ቦኖ ጠባቂው ስሟን ሲጠራት ነው።

ዛሬ ይህን ወረፋ በናፍቆት የሚያነሡ አሉ። ናፍቆታቸው ግን እንስራውን ያዘለችውን ሴት ጀርባ የጠየቀ አይመስልም። ሃያ ሊትር ውሃ ከነመያዣው ከሃያ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህንኑ በጭቃ አቀበት፣ ቀን በቀን፣ አንዳንድ ጊዜም በነፍሰ ጡርነት መሸከም የማኅበራዊ ኑሮ ውበት ሊባል አይችልም። ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ዘግይተው የሚደርሱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ቦኖው ሰዎችን ማስተዋወቁ እውነት ነው፤ ያስተዋወቃቸው ግን ችግር ነው።

ከተማዋ ፕላን አጥታ አልነበረም። ጣልያኖች በአምስቱ የወረራ ዓመታት የአውሮፓዊውንና የኢትዮጵያዊውን መኖሪያ በዘር የሚለይ ፕላን ነድፈው፣ ለአገሬው ሰው አዲስ ከተማንና መርካቶን ለይተው ነበር። ለራሳቸው ወገን ከሠሯቸው መኖሪያዎች ዛሬ ካዛንቺስና ፖፖላሬ የሚሉት የሰፈር ስሞች ተርፈዋል። በ1948 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ያቀረበው ፕላን ደግሞ እያንዳንዱ ሰፈር ትምህርት ቤቱንና ገበያውን በቅርብ እንዲያገኝ፣ ከዋናው ከተማ ወጣ ብለውም ታናናሽ ከተሞች እንዲመሠረቱ የሚያመለክት ነበር። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በመሬት ላይ ግን ፕላኑን የቀደመው በጨረቃ ብርሃን የሚሠራው ቤት ሆነ። የባሕር ዛፍ አጠናውና ቆርቆሮው ቀን ተዘጋጅቶ ይቆይና በአንድ ሌሊት ይቆማል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሚመረገው ኋላ ነው። ሕዝቡ ራሱ «ጨረቃ ቤት» ብሎ ስም አወጣለት። የጨረቃ ቤት ባለቤት ውሃ ወይም መብራት ማመልከት አይችልም፤ ማመልከቻው ራሱ ክሱ ይሆንበታልና። ስለዚህ መስመር ከዘለቀው ጎረቤት በሜትር ሽቦ ይቀጥላል፣ በጀሪካን ይገዛል፣ ይጠብቃል።

ወፍጮ ቤቱ በአንጻሩ ፕላንም መንግሥትም አልጠበቀም። መብራት በደረሰበት ሁሉ አንድ ነጋዴ ሞተሩን ይተክላል፤ የእህሉ ወፍጮ ለብቻው፣ የበርበሬውና የሽሮው ለብቻው ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የድንጋዩ ወፍጮ ከጓዳ ወጣ፤ በሌሊት ተነሥቶ መፍጨትም ቀረ። የከተማ ሴት ሸክም በግልጽ የቀለለው በአንዲት ሞተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ሥልጣኔ በተጻፉት ብዙ ጽሑፎች ውስጥ ግን ወፍጮ ቤት ቦታ አልተሰጠውም።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ የሰፈሩ መልክ ተለወጠ። የቤት ኪራይ ተቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት አስተዳደር ሥር ገቡ። ቦኖው የቀበሌ ሆነ፤ የኅብረት ሱቅ ተከፈተ፤ ስኳርና ሳሙና በራሽን ካርድ ታደለ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እናቶች ከቦኖው መልስ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄዱ። ሆኖም አዳራሹ ሁለት ፊት እንደ ነበረው መሸሸግ አይገባም፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በብዙ ቀበሌዎች ወጣቶች የታሰሩትና የተገረፉት ስኳር ከሚታደልበት ግቢ ውስጥ ነበር። ቤቶቹም ቢሆኑ ኪራያቸው እንጂ ጥገናቸው አልታሰበም። ጣሪያው ያፈሰሰበት ተከራይ ለማደስ መብት፣ ቀበሌው ደግሞ ገንዘብ አልነበረውም፤ ግድግዳው ባለበት አረጀ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሳይለወጥ የቆየው ዕድር ነው። ዕድር ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ በአዲስ አበባ የተስፋፋ የመቀባበሪያ ማኅበር ነው፤ ጥሩምባ ነፊ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት አለው። አባልነቱ በዘር ወይም በሃይማኖት ሊሆን ይችላል፤ በዳርቻ ሰፈሮች ዘንድ ግን ይበልጡን በጉርብትና ነው። አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው መንገድ አስጠርገዋል፣ የድልድይ ገንዘብ አዋጥተዋል። ጥሩምባው በሌሊት ሲሰማ የጨረቃ ቤቱም የቪላውም ሰው አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ዕድር ታዲያ አንድ ነገር የግድ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ድንኳን የሚተከልበት ባዶ ቦታ ነው።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በስፋት ሠርቶ በዕጣ ማደል ያዘ። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ኮየ ፈጬ የሚባሉት የእርሻና የግጦሽ ቦታዎች ከምድር በላይ አራት ፎቅና ከዚያም በላይ ባላቸው ሕንፃዎች ተሞሉ። ልደታን የመሰሉ የመሐል ከተማ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ በመንገድ ኮሪደር ልማት ሲነሡ፣ ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ወደነዚህ ዳርቻዎች ተዛወሩ። አብሮ የኖረው ጉርብትና በዕጣ ተበተነ፤ አንዱ ጀሞ ሌላው ኮየ ፈጬ ደረሰው። የዕድሩ ሰነድና ብረት ድስት በማን ቤት ይቀመጥ የሚለው ክርክር የብዙ ማኅበራት የመጨረሻ ስብሰባ አጀንዳ ሆነ።

በቤት ውስጥ ቧንቧ፣ ሽንት ቤት፣ የራስ ቁልፍ ማግኘት በጭቃ አቀበት እንስራ ለተሸከመች ሴት ታናሽ ነገር አይደለም። ነዳፊዎቹም የአገሩን ኑሮ ፈጽመው አልረሱም፤ በሕንፃዎቹ መካከል እርድ የሚካሄድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ መገልገያ ቤት እንዲሠራ አድርገዋል። በየቦታው ግን ይህ ቤት ለኪራይ ዋለ፤ የከሰል ምድጃውም ወደየበረንዳው ተመለሰ። የውሃው ነገርም ሁልጊዜ እንደ ታሰበው አልሆነም፤ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ፣ ወይም ውሃው በፈረቃ ብቻ ሲለቀቅ፣ ነዋሪው ጀሪካኑን ከምድር ቤት ሞልቶ በደረጃው ይወጣል። አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው አረጋውያን ዕጣቸውን ከምድር ቤቱ ጋር ለመለዋወጥ ሲለምኑ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሰው ሲሞትም አስከሬኑ በጠባቡ ደረጃ በአራት ሰው ትከሻ፣ በየመታጠፊያው ወደ ላይ እየተነሣ ይወርዳል። ታች ከአዲሶቹ ጎረቤቶች የተውጣጣው ዕድር ድንኳኑን መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ይተክላል። ካስማ የሚመታበት አፈር ስለሌለ ገመዱ በድንጋይ ይያዛል፤ አንዳንዴም ድንኳኑ የሚሞላው ስሟን ገና በማያውቁ ሰዎች ነው። የድሮው ሰፈር ሰዎች ሁለት ታክሲ ቀይረው ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ።