የቶልሰን ልጆችና የመሣሪያው ክርክር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በክርክር ክበባችን አንዳንዶቻችን «ንግግር ተሰጥዖ ነው፤ አሠልጣኝ ምን ይሠራል?» ስንባባል ከርመናል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው ብለን ይህችን ጻፍን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜልቪን ቶልሰን በ1924 ቴክሳስ ውስጥ ማርሻል በምትባል ከተማ ወደሚገኘው ዋይሊ ኮሌጅ መጣ። ኮሌጁ የጥቁሮች ነው፤ ትንሽም ነው። ቶልሰን ገጣሚና የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። የክርክር ቡድን አቋቋመና ማሠልጠን ጀመረ። አሠለጣጠኑስ? ማታ ማታ ተማሪዎቹን ቤቱ ይሰበስባል፤ ይሞግታቸዋል፤ የእጃቸውን አነሣሥና ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ ሳይቀር ያስጠናቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ተቃራኒው ወገን ሊል የሚችለውን አስቀድሞ እያሰበ መልሱን ማዘጋጀቱ ነው።

በ1930 ቺካጎ ላይ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነጭ የሕግ ተማሪዎች ጋር ገጠሙ። በ1935 ደግሞ የአገሩ ሻምፒዮን የነበረውን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ረቱ። ምን ያደርጋል፣ ማዕረጉን አላገኙም! የክርክሩ ማኅበር ጥቁሮችን በአባልነት አይቀበልም ነበርና። በ2007 የወጣው «ዘ ግሬት ዲቤተርስ» የተባለው ፊልም ተጋጣሚያቸውን ሃርቫርድ ቢያደርገውም እውነቱ ይኸው ነው።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን የዚያ ዓመት የአሜሪካ ኮሌጆች የክርክር ርዕስ ነው። «መንግሥታት የጦር መሣሪያ ከአገር ወደ አገር እንዳይላክ ለማገድ ይስማሙ» ይላል። ሲሰሙት ማን ይጠላዋል? ሰላም ነዋ! ታዲያ ኦገስት 31 ቀን 1935 አሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ አወጣች። ኦክቶበር 3 የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ኦክቶበር 5 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሁለቱም ወገኖች መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ ግን መሣሪያዋን የምትገዛው ከውጭ ነበር። እኩል የተባለው እገዳ እኩል አልመታም።

አሠልጣኝ ምን ይሠራል ላልነው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ርዕሱን ሰምቶ ለማጨብጨብ የሚቸኩለውን ተከራካሪ «ቆይ፤ በዚህ የሚጎዳው ማነው?» ብሎ ይይዘዋል። ይህን ጥያቄ ብቻውን አንስቶ ብቻውን የሚመልስ ተሰጥዖ ብዙ አላየንም።

ከቶልሰን ልጆች አንዱ ጄምስ ፋርመር ነው። በ14 ዓመቱ ኮሌጅ ገባ፤ በ1942 የዘር እኩልነት ኮንግሬስን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። አንደበቱን ለዋንጫ ብቻ አላዋለውም።

እኛም ለሚቀጥለው ውድድር ስንዘጋጅ፣ መጀመሪያ የማንወደውን ወገን ይዘን እንከራከር። የምንወደውን ከዚያ በኋላ እናውቀዋለን።