አራቱ ተጫዋቾች ከእልፍኝ ሲወጡ

ቻምበር ሙዚቃ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ የእልፍኝ ሙዚቃ ነው። ዛሬ ግን ቲኬት ተቆርጦለት፣ ሳል እንኳ ታፍኖ የሚደመጥ የአዳራሽ ዝግጅት ሆኗል። ብዙዎች ለውጡን ያመጡት የሙዚቃ ደራሲዎቹ ናቸው ይላሉ፤ ሃይድን ጀመረው፣ ቤትሆቨን አከበደው፣ አዳራሹም ተከትሎ መጣ። እኔ ግን መነሻው የተጫዋቹ፣ በተለይም የቪየናው ቫዮሊን ተጫዋች የኢግናዝ ሹፓንዚግ ወንበር ነው ባይ ነኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላና ለአንድ ቼሎ የሚጻፈው ኳርቴት ከሁሉ በፊት ለሚጫወቱት ሰዎች ደስታ ነበር። ኅትመቱ ራሱ ይመሰክራል፦ ገበያ ላይ የሚወጣው ለየተጫዋቹ ተነጣጥሎ የታተመ ኖታ ነው። ጎረቤቱ ምን እንደሚጫወት ማወቅ የፈለገ ጆሮውን መስጠት ነበረበት። ሹፓንዚግ እ.ኤ.አ. በ1804 እና 1805 መካከል ባለው ወቅት አድማጭ አስቀድሞ ከፍሎ የሚታደምበትን የኳርቴት ዝግጅት ጀመረ። ቤትሆቨን በ1806 የጻፋቸው ሦስት ረጃጅምና አስቸጋሪ ኳርቴቶችም ከእራት በኋላ ለሚሰባሰቡ አማተሮች የሚሆኑ አልነበሩም፤ አብረው የኖሩ ባለሙያዎችን የሚጠይቁ ናቸው።

ሃይድን በ1790ዎቹ ለንደን ውስጥ ኳርቴቶቹን በሕዝብ ፊት አሰምቶ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አሰምቷል፤ ነገር ግን እዚያ ኳርቴቱ በሲምፎኒና በዘፈን መካከል የሚገባ አንድ ቁጥር ነበር። የቪየናው አድማጭ የመጣው ለኳርቴቱ ሲል ነው። ገንዘቡስ የመኳንንት አልነበረም? እርግጥ ነው፣ የ1806ቱን ሥራዎች ያዘዘው የሩሲያው አምባሳደር ራዙሞቭስኪ ነው፤ በ1808ም ሹፓንዚግን ከነጓዶቹ ቀጠራቸው። ሆኖም በ1814 የመጨረሻ ቀን ቤተ መንግሥቱ ተቃጠለ፣ የቡድኑም ደመወዝ ብዙ አልቆየም። ሹፓንዚግ ወደ ሩሲያ ሄዶ በ1823 ሲመለስ ዝግጅቱን እንደገና ከፈተ፤ ልማዱ ከባለጸጋው ኪስ በላይ ዕድሜ ነበረው ማለት ነው።

ለሹፓንዚግ የማይመች ማስረጃም አለ። በመጋቢት 1825 የቤትሆቨንን አዲስ ኳርቴት በቂ ልምምድ ሳያደርግ አቅርቦ ሳይሳካለት ቀረ፤ ደራሲውም ሥራውን ለሌላ ቫዮሊን ተጫዋች ለዮሴፍ ቦም ሰጠው። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል፤ የሥራው ዕጣ በተጫዋቹ እጅ ነበርና። የመታሰቢያ ስጦታውም የሚያመለክተው ወደዚያው ነው። ቤትሆቨን በ1801 የታተሙትን የመጀመሪያ ስድስት ኳርቴቶቹን ያበረከተው ለልዑል ሎብኮቪትዝ ነበር። ሹበርት በሕይወት ሳለ የታተመለትን ብቸኛ ኳርቴቱን በ1824 ያበረከተው ለሹፓንዚግ ነው።