ልጅ ለዜማ ሲሰጥ

በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባ አንድ ወላጅ ልጁን ፒያኖ ወይም ክራር ለማስተማር ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መምህሩ ቤት ድረስ ይመጣል ወይ? ለሰዓቱስ ስንት ይከፈለዋል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ለጠያቂው የዘወትር ነገር ቢመስለውም፣ ከመቶ ዓመት በፊት ለነበረ የጎጃም ወይም የቤጌምድር ገበሬ ቢቀርብለት ግራ ባጋባው ነበር፤ በዚያ ዘመን ዜማ የሚማር ልጅ ወደ መምህሩ በእግሩ ይገሠግሥ ነበር እንጂ መምህር ወደ ልጅ ደጅ አይመጣም ነበርና። ሆኖም አንድ ጀማሪ ከአንድ መምህር ፊት ተቀምጦ፣ ከአፉ እየተቀበለ፣ ስሕተቱም ለብቻው እየታረመለት የሚማርበትን ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ልማድ አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች የአገራቸውን ታሪክ በቅጡ የመረመሩ አይመስለኝም። ሥርዓቱ ጥንታዊ ነው፤ በዘመናችን የተለወጠው ማን ወደ ማን እንደሚሄድና ትምህርቱ ከጆሮ ወይስ ከዓይን እንደሚጀመር ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ልጅ ወደ ዜማ ቤት ከመግባቱ በፊት ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ መገኘት ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ብዙውን ጊዜ ከአባት ቤት የሚያስወጣ ነው። ወላጅ ልጁ ከብት እንዲጠብቅለትና በእርሻ እንዲያግዘው ይፈልጋልና፣ ትምህርት የጠማው ልጅ አንዳንዴ ተመርቆ፣ አንዳንዴም ሌሊት ጠፍቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ስሙ በሩቅ ወደ ተሰማ መምህር ደብር ይጓዛል። እዚያም ከባልንጀሮቹ ጋር ትንሽ ጎጆ ቀልሶ፣ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቁራሽ እያደረ፣ ከየቤቱ የሚወጣውን ውሻ በበትሩ እየተከላከለ ዓመታት ይቀመጣል። የኔታ ከተማሪው ገንዘብ አይቀበሉም፤ ተማሪው ግን እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በክረምትም የመምህሩን ማሳ ያርማል። የትምህርቱ ዋጋ የልጁ ጉልበትና የልጅነት ዘመኑ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህም ዋጋ ለነፃ ትምህርት ርካሽ ነው አይባልም።

የትምህርቱ አካሄድ እንዲህ ነው። ጀማሪው ውዳሴ ማርያምን በዜማ ይጀምርና ወደ ጾመ ድጓ፣ ወደ ምዕራፍ፣ በመጨረሻም ወደ ድጓ ይሻገራል። የኔታ አንዲት ሐረግ ያዜማሉ፣ ልጁ ይቀበላል፤ ድምፁ ከጎደለ ደግመው ያዜማሉ፣ ደግሞ ይቀበላል፤ ያቺ ሐረግ በልቡ ካልተቀመጠች ወደምትቀጥለው መሻገር የለም። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ስለሚያስጠና፣ ብዙ ተማሪ ባለበት ጉባኤ እንኳ እያንዳንዱ ልጅ ፊት ለፊት የሚያርመው ሰው አያጣም። በሌሊት ደግሞ መብራትም መጽሐፍም ሳይኖር የቃል ትምህርት ይጠናል፤ በጨለማ ውስጥ ዓይን ሥራ ስለሌለው ጆሮ ብቻውን ይሠለጥናል። ትምህርቱን የፈጸመውም ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር ያመራል።

እዚህ ላይ ስለ ምልክቱ ጥቂት ማለት ይገባል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ከድጓው ንባብ በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት እንዳደራጁት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ከፊደላቱ ምልክት ጋር ተባብረው ለመሪጌታው መንገድ ያሳያሉ። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች የድምፅን ከፍታ ለክተው ለማያውቅ ሰው የሚሰጡ አይደሉም፤ አስቀድሞ በጆሮው የሰማውንና በልቡ ያኖረውን የዜማ ሐረግ እንዲያስታውስ ያደርጉታል እንጂ። ስለዚህ ከመምህር ያልሰማ ሰው ድጓውን ሸምቶ ቤቱ ቢያስቀምጥ ከጌጥ በቀር ሌላ ጥቅም አይሰጠውም። የአውሮፓው ኖታ ግን ያልተሰማውን ዜማ ከወረቀት አንሥቶ ለማሰማት የታሰበ ነው። ሁለቱ ጽሕፈቶች ለሁለት ዓይነት ጀማሪዎች የተሠሩ መሆናቸውን ልብ ያላለ ሰው አንዱን የሌላው ጉድለት አድርጎ ሲያወራ ይደመጣል።

የዜማው አባት የሚባለው ቅዱስ ያሬድም በትውፊቱ የሚታወሰው ትምህርት ያልገባው ልጅ ሆኖ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ቀለም አልያዝ ብሎት፣ ከግርፋቱ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ባረፈበት፣ አንዲት ትል ደጋግማ እየወደቀች ዛፉን ስትወጣ አይቶ ወደ መምህሩ እንደ ተመለሰ አበው ያወሳሉ። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ ዓራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች የተሰጡት ለዚህ ዘገምተኛ ልጅ ነው ብላ የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን፣ ለጀማሪ ሁሉ አብነት ስትመርጥ ፈጣኑን ትታ ዘገምተኛውን መምረጧ እጅግ ያስደንቀኛል። በዘመናችን ያሉ አንዳንድ መምህራን ልጅ በሦስት ወር «ተሰጥዖ የለውም» ብለው ሲያሰናብቱ ይህን ትውፊት ያስታውሱት ይሆን?

ከደጀ ሰላሙ ውጭ ያለው ሙያ ሌላ ሥርዓት ነበረው። አዝማሪው ትምህርቱን ከደሙ ጋር ይወርሳል፤ በጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ባሉ መንደሮች የተወለደ ልጅ አባቱን ተከትሎ ሠርግ ለሠርግ ሲዞር፣ ማሲንቆውን መገዝገዙን፣ ግጥም መቀበሉንና ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ልሳን አብሮ ይለምዳል። ለእርሱ የትምህርት ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ ቤቱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ሕዝቡ በአዝማሪው ዜማ እየተደሰተ ሙያውን ግን ይንቅ ስለነበር፣ የደኅና ሰው ልጅ ማሲንቆ ልማር ቢል ቤተ ሰቡ እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር። በገና ግን የዳዊት መሣሪያ ናትና በመኳንንቱና በካህናቱ ቤት ክብር ነበራት፤ እቴጌ ጣይቱም በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ ከአንድ አገር ውስጥ አንዱ አውታር የሚያዋርድ፣ አሥሩ አውታር ደግሞ የሚያስከብር ሆኖ ሳለ፣ ልጅ ምን ይማር የሚለው ጥያቄ ከጆሮ ይልቅ የማዕረግ ጥያቄ ሆኖ ኖረ።

ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሥ የተላኩ የናስ መሣሪያዎች ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲደርሱ፣ ዜማን በጭፍራ የማስተማር አዲስ ልማድ አብሮ ገባ። ይህን ያሰፋው ግን በ1916 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በዚያ ዓመት ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ እጓለ ማውታ በአርመን መንበረ ፓትርያርክ ተጠግተው የናስ ሙዚቃ ሲያሰሙ አይተው፣ አርባዎቹን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተብለው የታወቁት እነዚህ ናቸው። ናልባንዲያን ኋላ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በግጥም ለደረሱት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ዜማውን አወጡለት፤ ስለዚህ ያ መዝሙር የቅኔ ቤት ልጅና የስደተኛ አርመን ሙዚቀኛ በአንድነት የወለዱት ሥራ ሆነ። በናስ ሙዚቃው ማሠልጠኛ ጀማሪው የሚታየው እንደ ወታደር ነው፤ ሁሉም በአንድነት ይቆማል፣ ኖታ ያነባል፣ በትእዛዝ ይነፋል። በዚህ መንገድ ብዙ ሙዚቀኛ በአጭር ጊዜ ይፈራል፤ አንድን ልጅ ለብቻው አስቀምጦ ማረም ግን ለሥራው አይመችም።

መምህር ፊት ለፊት ተቀምጦ የአውሮፓን ዜማ የመማሩ ነገር በመጀመሪያ የጥቂት ቤተ ሰቦች ዕድል ነበር። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር ገብሩ፣ ኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው ገና በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በዚያም ቫዮሊን፣ ቀጥሎም ፒያኖ ተማሩ። በጠላት ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣሊያ ተግዘው ከተመለሱ በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ብዙ ሰዓት በልምምድ እየደከሙ ተማሩ፤ ኮንቶሮቪችም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ መሩ። ባለጸጋ ልጅ ወደ ውጭ መምህር በባቡርና በመርከብ ሲሄድ፣ ድኻው ልጅ በዚያው ዘመን ወደ ዜማ መምህሩ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበርና፣ ሁለቱም መንገደኞች ነበሩ።

እነዚህ ሁለት መንገዶች የተገናኙትም በእኒሁ ሴት ሕይወት ውስጥ ነው። እማሆይ ከመነኰሱ በኋላ በጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወጡበት መንገድ ላይ በልመና የሚያድሩና ደጅ የሚተኙ የዜማ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ ባይኖራቸው፣ እጃቸው የተማረውን ፒያኖ ለእነዚህና ለሌሎች ድኻ ልጆች መርጃ ለማድረግ ቆረጡ፤ በ1950ዎቹ ማለቂያ በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ከዚህ አሳብ የመጣ ነው። የቆሎ ተማሪውን ኑሮ እንደ ቅኔ አስጌጠው የሚያወሩልን ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ደጅ ተኝቶ የሚነጋለት ልጅ ብርድ ይበርደው እንደ ነበር ያስተዋሉትን እኒህን መነኵሲት አብልጬ አምናለሁ።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ከተከፈተ በኋላ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ፤ በአሸናፊ ከበደ የመጀመሪያ ዲሬክተርነት የተቋቋመውና የቅዱሱን ስም የያዘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ ፒያኖውንና ቫዮሊኑን ከክራር፣ ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከበገና ጋር በአንድ ግቢ አስቀመጠ። ለማሲንቆ ይህ ትልቅ ሹመት ነበር። የአገር መሣሪያ ይጫወት በነበረው በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥም አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን ከጌታመሳይ አበበ ዘንድ ማሲንቆ ሲማር፣ ለብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ መምህር ስታስመጣ የነበረች አገር ለባሕር ማዶ ተማሪ መምህር ሆነች። በገናን ለትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ካስተማሩት አንዱ አቶ ዓለሙ አጋ ናቸው፤ እርሳቸው የተማሩት በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው በእንጦጦ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። እንዲህ ሆኖ ከአንድ ጎረቤት ቤት የተቀዳው ሙያ በትምህርት ቤት ሠሌዳ ፊት ተቀመጠ።

አሁን በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በየሰፈሩ በተከፈቱት የሙዚቃ ማስተማሪያ ቤቶች በገና የሚማሩ ልጆችና ጎልማሶች በዝተዋል። ክራር የሚያስተምረው ወጣት መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በዋሽንግተን አካባቢ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሪ የነበሩትን ተስፋዬ ለማን የመሳሰሉ ሰዎች በስደት የተከሉት ሥራም ከአገር ውጭ የተወለዱ ልጆች የአገራቸውን መሣሪያ እንዲያውቁ በር ከፍቷል። ልጅ ቤቱ ተቀምጦ፣ ጠግቦ እያደረ መማሩ መልካም ነው፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው አኩፋዳ ይዞ አያውቅም ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አጀማመሩ ነው። ብዙ መምህራን ወላጅ ለከፈለው ገንዘብ ቶሎ ፍሬ እንዲያይ ሲሉ፣ ክራሩን ራሳቸው ቃኝተው ለልጁ ያቀብሉትና ጣቱን በየትኛው አውታር ላይ እንደሚያሳርፍ በቁጥር ጽፈው ይሰጡታል። ልጁም በሁለተኛው ሳምንት አንድ የታወቀ ዘፈን ለእንግዳ ያሰማል። ነገር ግን ክራሩ በማግሥቱ ቅኝቱን ሲለቅ፣ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ በጆሮው መለየት አልተማረምና፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ መምህሩን ከመጠበቅ በቀር ማድረግ የሚችለው የለም። በገና ላይማ ነገሩ ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከአሥሩ አውታሮች ለዜማው የሚደረደሩት ከፊሎቹ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸውና፣ ጀማሪው የትኛውን እንደሚመታ ከማወቁ አስቀድሞ የትኛውን እንደሚተው ማወቅ አለበት። ስለዚህ አንዳንድ የበገና መምህራን ዛሬም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልጁ በገናውን ሳይነካ መዝሙሩን በድምፁ ብቻ ከእነርሱ እየተቀበለ እንዲያዜም ያደርጉታል፤ ወላጆችም «መቼ ነው የሚነካው?» እያሉ ይጠይቋቸዋል።