ስትደርስ ደውል

አንድ የኦንላይን ሱቅ ለአጠቃቀም ምን ያህል እንደሚመች ገምግም ተባልኩና ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አምስት ጎረቤቶቼን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ዕቃ መረጡ፣ ዋጋ አነጻጸሩ። «የመንገድ ስም» እና «ፖስታ ኮድ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ሦስቱ ቆሙ። አንዲት እማማ ስልኩን መለሱልኝና «እኔ እንጃ ልጄ፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርስ ይደውልልኝ በለው» አሉኝ።

ሪፖርቴ ላይ «ተጠቃሚዋ አልገባቸውም» ብዬ ልጽፍ ነበር። ማታ ሳስበው ግን ያልገባው ፎርሙ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። በ1901 ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ደብዳቤው ግን ቤታችን ድረስ መምጣት አልለመደም። መድረሻው የፖስታ ሣጥን ነው፤ ሣጥን የሌለው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በዘመድ ሣጥን ይቀበላል። ውጭ አገር ፖስተኛው በር ሲያንኳኳ ስለኖረ የኦንላይን ሱቁ ያንኑ አድራሻ ወረሰ። እኛ ፎርሙን ስንቀዳ ፖስተኛውን አልቀዳንም።

ልደታ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሮው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት የቀበሌ የቤት ቁጥሮቹም አብረው ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ቦታዋ ላይ ናት። ሰው ቤቱን በቁጥር ሳይሆን በምልክት ቢጠራ ምን ይገርማል?

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢትዮጊፍትን የመሰሉ ድረ ገጾች መጡ። ውጭ ያለው ልጅ በካርድ ይከፍላል፣ የበዓሉ በግ አገር ቤት ላሉ ወላጆቹ ይደርሳል። ከፋይና ተቀባይ ሁለት ሰው፣ ሁለት አገር። ሐሳቡ የተነሳው ከኛው ኑሮ ነበር።

አገር ውስጥ ያለነው ግን ለረጅም ጊዜ «ችግሩ ክፍያ ነው» ስንል ኖርን። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ሰጠ፤ ግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ። ዛሬ እማማም በቴሌብር ይከፍላሉ። ክፍያው መንገድ ሲያገኝ አድራሻው እዚያው ቀረ።

ጃኮብ ኒልሰንና ሮልፍ ሞሊክ እ.ኤ.አ. በ1990 ካወጧቸው መመዘኛዎች አንዱ «የተጠቃሚውን ቋንቋ ተናገር» ይላል። ይሄን ሳነብ ወደ አማርኛ መተርጎም ብቻ ይመስለኝ ነበር። «ፖስታ ኮድ» በአማርኛ ተጽፎም የእማማ ቋንቋ አልሆነም። የእሳቸው ቋንቋ «ስትደርስ ደውል» ነው።

ሪፖርቴ ላይ ሁለቱ ሣጥኖች ወጥተው ሰፈር፣ የሚታወቅ ምልክትና የተቀባይ ስልክ ይግቡ ብዬ ጻፍኩ። ምላሹን እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያው የእማማን ዕቃ ራሴ አዘዝኩላቸው። የመንገድ ስም ላይ «ልደታ»፣ ኮዱ ላይ አራት ዜሮ ሞላሁ። ፎርሙ ደስ ብሎት ተቀበለኝ።

ሞተረኛው ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ሲደርስ ደወለ።