ከኤተር እስከ በረዶው ዓለም
እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን አንድ በሽተኛ በኤተር አደነዘዘና ጆን ዋረን የአንገቱን እብጠት ቀደደ። ከዚያ በፊት የቀዶ ሐኪም ትልቁ ሙያ ፍጥነት ነበር፤ በሽተኛው ተጠፍሮ እየጮኸ ነበርና የሚቀደደው።

ኤተር ጩኸቱን ዝም አሰኘ። ነቅቶ የሚታከመው በሽተኛ ግን ከነፍርሃቱ ቀረ። በተለይ እሳት ያቃጠለው ሰው ቁስሉ በየጊዜው ሲታጠብ፣ ጠንካራ ማስታገሻ ወስዶም እንኳ ይሰቃያል። ይህን የተመለከቱት ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሲያትል አንድ መላ ሞከሩ። በሽተኛው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ያጠልቃል፤ «ስኖው ወርልድ» በተባለው የበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ሕመም ትኩረት ይሻል፤ የሰው ትኩረት ደግሞ ውሱን ነው። በ2004 የታተመ የአንጎል ምርመራም ከሕመም ጋር የተያያዘው የአንጎል እንቅስቃሴ መቀነሱን አሳየ።

ዛሬ ከፊል አካሉ ብቻ ደንዝዞ ነቅቶ የሚቀደድ በሽተኛም ጭንቀቱ እንዲቀልለት ይህንኑ መነጽር የሚያጠልቅበት ሆስፒታል አለ።

ክቡራን አንባብያን፣ መሣሪያው ደግ ነው፤ ማደንዘዣን ግን አይተካም፤ ሐኪምንም እንዲሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ፍርሃቱን የደበቀውስ? አውጥቶ እንዲናገር «ምን አስፈራህ?» የሚለው ሰው ያሻዋል። ኤተር ጩኸቱን ዝም እንዳሰኘ ሁሉ፣ መነጽሩ ይህን ጥያቄ ዝም ካሰኘው ግን የታከመው በሽተኛው ሳይሆን የሐኪሙ ጆሮ ነው።