የተጣመመው ሮስተርና የአምስት ማርክ ዕዳዬ

ጌጫ ዛሬም ዝናብ ነው። ቡናዬን ይዤ ተቀምጬ አንድ የቆየ ዕዳ ልክፈል ብዬ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ የክፍሉን ልጆች ስምና ውጤት በሰንጠረዥ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፎ አመጣ። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገቡ ሰንጠረዡ ቀጥ ያለ ነው። በአማርኛ ስናስገባቸው ግን የውጤቱ መስመር እንደ ዳገት መንገድ ተጠማዘዘ። እኔም «አልተጠነቀቅክም» ብዬ ከ20 ላይ 5 ቀነስኩበት። ልጁ ዝም ብሎ ወጣ።

ጥፋቱ ግን የሱ አልነበረም። ታሪኩ ወደኋላ ይሄዳል።

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ ሲጀመር ስክሪን ብርቅ ነበር። ትእዛዙም መልሱም የሚጻፈው ቴሌታይፕ በሚባል ማተሚያ ወረቀት ላይ ነው። ሞዴል 33 የሚባለው በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ያትም ነበር። ትእዛዞቹ አጫጭር፣ መልሳቸውም ቁጥብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያኔ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ማለት አንድ ባይት ስለሆነ ሰንጠረዥ ለማስተካከል ባይት መቁጠር በቂ ነበር። የሲ ቋንቋው ፕሪንትኤፍም እስከ ዛሬ እንደዚያው ይቆጥራል።

ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር ዩቲኤፍ-8ን ነደፈ። በ1999 ደግሞ ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ፣ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የኛ ፊደል 3 ባይት ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ለስም 20 ቦታ ተይዟል እንበል። «አበበ» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው፤ ማሽኑ 11 ክፍት ቦታ ይጨምርና ውጤቱ ከ14 ቦታ በኋላ ይጀምራል። «ገብረመድኅን» 7 ፊደል፣ 21 ባይት ነው፤ ማሽኑ «20ው ሞልቷል» ብሎ ምንም አይጨምርም፤ ውጤቱ ስሙ ላይ ይለጠፋል። ስሙ በረዘመ ቁጥር ውጤቱ ወደ ግራ ይሸሻል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሊኑክሱ ኮለም የሚባል መሣሪያ የሚለካው ፊደሉ ስክሪን ላይ የሚይዘውን ቦታ ነው። ፓይተንም ባይት ሳይሆን ፊደል ይቆጥራል።

ይህን የገባኝ የራሴ ሮስተር ሲጣመምብኝ ነው። እኔን «አልተጠነቀቅክም» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

ልጄ፣ ይህን ካነበብክ ማርኩን መመለስ አልችልም፤ ሮስተሩ ተዘግቷል። ይቅርታህን ግን እለምናለሁ። ያኔ ማየት የነበረብኝ የተጣመመውን መስመር ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተጣመመ ነበር። መምህራን ወገኖቼ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችን በፊት እስቲ አንዴ አብረን እንቁጠር።